ከባዱ ሪክሾ ለምን አይሞትም? በህንድ የጭነት ባለ ሦስት እግር ሠሪዎች ላይ የተነሣ ክርክር

መክፈቻ። ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ ክር፣ ማለትም ተከታታይ የመልእክት ልውውጥ፣ ማጠቃለያ ነው። ክሩን የከፈተው አባል ጥያቄ የጠየቀ ይመስላል እንጂ ያቀረበው ክስ ነው። በዴልሂ፣ በካንፑርና በኮልካታ ጓሮዎች የጭነት ባለ ሦስት እግር ብስክሌት የሚሠሩት ባለሙያዎች ዛሬም የሚበይዱት ያንኑ ከባድ፣ ማርሽ የማይቀየርለት፣ ከፊት ጎማ በቀር ፍሬን የሌለው ጋሪ ነው ይላል። የተሻለ ነገር ጠፍቶ እንዳልሆነ ለማሳየት አግራን ይጠቅሳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) የትራንስፖርትና የልማት ፖሊሲ ተቋም የተባለው ድርጅት በታጅ ማሃል ከተማ 80 ኪሎ ገደማ ይመዝን የነበረውን ሪክሾ (በፔዳል የሚነዳ ባለ ሦስት እግር) ወደ 55 ኪሎ አውርዶ፣ ማርሽም ጨምሮለት ነበር። ታዲያ ሠሪዎቹ ለምን አልተማሩም? የእሱ መልስ አንድ ቃል ነው፤ ስንፍና። ከዚያ 250 ኪሎ የሚጭን ባለ ሦስት እግር ሊሠራ ያሰበበትን ንድፍ ዘረዘረ፦ 20 ሚሊ ሜትር አክስል፣ አካሉ ከቀጭን ቱቦላሬ፣ ስድስት ማርሽ፣ ፍሬን ከፊት። ስህተት ካለበት አርሙኝ ብሎ ዘጋ። ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሳይጸጸትባት አልቀረም።

1. የመጀመሪያው መላሽ በጨዋ አንደበት፣ እርስዎ እያለ ጀመረ። 55 ኪሎ የተባለው የሰው መጫኛ ሪክሾ መሆኑን አስታወሰ። እሱ ላይ የሚቀመጠው ሁለት ሰው ነው፤ ሰው ራሱን ችሎ ይወጣል፣ ራሱን ችሎ ይወርዳል። በሂንዲ ቴላ፣ በቤንጋል በኩል ደግሞ ቫን የሚባለው የጭነቱ ዓይነት ግን ዕቃ ይወረወርበታል። የቤት ጋዝ ሲሊንደር ውስጡ ያለው ጋዝ 14.2 ኪሎ ሲሆን ከነብረቱ 30 ኪሎ ይጠጋል፤ ከትከሻ ወደ ጋሪው የሚወርደው በጥንቃቄ ተይዞ ሳይሆን ተለቅቆ ነው። በዴልሂው የቅመም ገበያ በካሪ ባውሊ የሚጫነው ጆንያ፣ በየቤቱ የሚታደለው 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን፣ የግንባታ ብረት ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የሁለቱን ክብደት ማወዳደር የወንበርንና የመሰላልን ክብደት እንደ ማወዳደር ነው አለ። የአግራው ሥራም ከአግራ ወጥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ስለ ተሻገረ አልተማሩም ማለቱ ልክ እንዳልሆነ በትሕትና ጨመረ።

2. ሁለተኛው መላሽ ሠሪ የሚባል አንድ ሰው እንደሌለ ገለጸ። ቸርኬው፣ የጎማው መሐል ቤት፣ ፔዳሉ ከነጥርሱ፣ ሰንሰለቱ፣ ፍሪዊሉ (ሰንሰለቱ የሚያዞረው የኋላ ጥርስ) እና የፊት ሹካው በአብዛኛው ከፑንጃቧ ሉዲያና ፋብሪካዎች የሚወጡ ናቸው። ሉዲያና የህንድ ብስክሌት ዋና ከተማ ናት። ዕቃው እንደ ዴልሂው ጃንዴዋላን ባሉ የብስክሌት ገበያዎች በኩል ወደ ሰፈር ይደርሳል። የሰፈሩ በያጅ የሚሠራው የኋላውን አካል ብቻ ነው። አናጺ ጣውላውን ይመታል፣ ቶርኖ ቤት አክስሉን ይቀርጻል፣ ሚስትሪው (ዋናው ባለሙያ) ይገጣጥማል። የፊቱ ግማሽ ያው የታወቀው ባለ 28 ኢንች የህንድ ብስክሌት ነው፤ ጎማው 28 በ1½፣ ቸርኬው 635 ሚሊ ሜትር። ይህ ጎማ ከማንኛውም መንደር ሱቅ ይገኛል። አዲስ ንድፍ የሚያመጣ ሰው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ዕቃ ማክሰኞ ማታ በዝናብ ቢሰበር ረቡዕ ጠዋት የት ይገዛል ተብሎ ነው አለ። ከክሩ ሁሉ ይህን መልስ ከፍ አድርጌ አየዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ወደዚች ጥያቄ ይመለሳል።

3. ሦስተኛው ስሌት ይዞ መጣ፣ ረጅምም ነው። ጭነት 250፣ ነጂ 60፣ ጋሪው ራሱ 90፣ በድምሩ 400 ኪሎ አለ። ከዚህ 80 ያህሉ ፊት ጎማ ላይ ቢያርፍ ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ 160 ኪሎ ይደርሰዋል፤ 1570 ኒውተን ገደማ ነው። የጎማው መሐል ከኩሽኔታው መሐል 8 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ከቆመ አክስሉን የሚያጎብጠው ኃይል 125 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በ20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ይህ ለእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 160 ኒውተን ጫና ይፈጥራል። ጉድጓድ ሲገባ ጫናው እጥፍ ይሆናል ብለን እንያዝ፤ 320። ተራ ብረት ደግሞ 250 አካባቢ ላይ ጎብጦ ይቀራል። ዘንጉ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን ጫናው 82፣ በጉድጓድ 164 ነው፤ ጥንካሬው የሚያድገው ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ 5 ሚሊ ሜትር መጨመር ጥንካሬውን በእጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ሠሪዎቹ ይህን ስሌት ባያውቁትም የጎበጠ አክስል አይተው ያውቃሉ አለ። ከዚያ ማስጠንቀቂያ አስከተለ። ጎማውን 12 ሴንቲ ሜትር ያወጣ ሰው በ25 ሚሊ ሜትር አክስልም ቢሆን በጉድጓድ 246 ላይ ይደርሳልና አፋፉ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ኩሽኔታው በተቻለ መጠን ወደ ጎማው ይጠጋ። ለ25 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከነቤቱ የሚሸጠው ኩሽኔታ ዩሲፒ 205 ይባላል፤ በሁለት ቡሎን ይታሰራል፣ ሲያረጅ ያለ ብየዳ ይቀየራል።

4. አራተኛው በዚህ ተስማምቶ፣ አክስሉን ኢኤን 8 ከተባለው ጠንካራ የብረት ዓይነት ማድረግ እንደሚሻል ጠቁሞ፣ ነገር ግን ኢኤን 8 ላይ ምንም ነገር መበየድ እንደማይገባ አሳሰበ። ካርቦኑ 0.4 ከመቶ ገደማ ስለሆነ ሳይሞቅ ከተበየደ ከብየዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከወር በኋላ ነው የሚታየው። ከዚያ የኋላ ጎማዎች አሠራር ላልገባቸው አብራራ። አክስሉ አንድ ወጥ ዘንግ ነው፤ አንዱ ጎማ በፒን ተቆልፎ አብሮት ይዞራል፣ ሌላው በራሱ ኩሽኔታ ላይ ነፃ ነው። ሁለቱም ቢቆለፉ፣ በጎማዎቹ መሐል 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጋሪ መታጠፊያ ላይ 90 ዲግሪ ሲዞር የውጩ ጎማ ከውስጡ 1.4 ሜትር ይበልጥ መሄድ አለበት፤ ካልቻለ ጎማው አስፋልት ላይ እየተፋቀ ያልቃል። ልዩነቱን የሚያካፍል ዲፈረንሻል ቢገባበት ይህ ይቀራል፣ ዋጋው ግን ከጋሪው ጋር አይመጣጠንም። አንድ ጎማ መንዳት የራሱ ጣጣ አለው፤ ያ ጎማ ጭቃ ላይ ካረፈ ጋሪው ቆመ ማለት ነው፣ ሲገፋም በትንሹ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

5. አምስተኛው የትኛው ጎማ ይቆለፍ በሚለው ላይ ብቻ አተኮረ። በህንድ የሚነዳው በግራ ስለሆነ፣ መንገዱም ወደ ግራ ጠርዝ ስለሚያዘነብል ክብደት ወደ ግራው ጎማ ይሄዳል፤ ስለዚህ ግራው ቢቆለፍ የተሻለ ይቆነጥጣል ባይ ነው። ወዲያው ከሥሩ ሌላ ሰው ግራው ጎማ ቦዩ፣ አሸዋውና ጭቃው ውስጥ የሚሄደው ራሱ አይደለም ወይ ብሎ ተቃወመው። አልተስማሙም። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፤ ክርክሩ የሚያልቀው በየከተማው የቦይ ጽዳት ነው።

6. ስድስተኛው ሰላምታ ሳያቀርብ ገባ። የማርሹን ነገር ሰዎች በስሜት እንጂ በቁጥር አላዩትም አለ። የህንድ ብስክሌት ፔዳል 48 ጥርስ፣ ፍሪዊሉ 18 ቢሆን፣ የ28 ኢንች ጎማ ዙሪያ 2.23 ሜትር ስለሆነ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጋሪው 5.95 ሜትር ይሄዳል። ለባዶ ብስክሌት ደህና ነው። 400 ኪሎ ይዞ ደልዳላ አስፋልት ላይ ለመሄድ 47 ኒውተን ያህል ግፊት በቂ ነው፤ 100 ሜትር ላይ 3 ሜትር የሚወጣ ዳገት ሲመጣ ግን 165 ይፈልጋል። ይህን በ17 ሴንቲ ሜትር የፔዳል ክንድ ሲመልሱት እግር በአማካይ 94 ኪሎ መግፋት አለበት ማለት ነው። ነጂው 60 ኪሎ ነው። ቆሞ ቢረግጥም አይበቃም፤ የዴልሂ ነጂዎች ተሻጋሪ ድልድይ ሥር ሲደርሱ ወርደው የሚገፉት ለዚህ ነው። ፔዳሉ 32፣ ፍሪዊሉ 24 ቢሆን አንድ ዙር 2.97 ሜትር ይሆንና የእግሩ ግፊት ወደ 47 ኪሎ ይወርዳል። በደቂቃ 60 ዙር ቢረግጥ ፍጥነቱ በሰዓት 10.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተጫነ ጋሪ ከዚህ በላይ ምን ያደርግለታል?

እስከዚህ ድረስ የመክፈቻውን ጸሐፊ የሚደግፍ ይመስላል። ቀጥሎ ግን ስድስቱን ማርሽ አፈረሰበት። ከፔዳሉ እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀት ስለሚረዝም ሰንሰለቱ ከአንድ በላይ ሰንሰለት ተቀጥሎ የሚሠራ ነው፤ ይዘላል፣ ይላላል። ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ስስ ክንድ ደግሞ ከጋሪው ሥር፣ አቧራውና ጭቃው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን ሲተሻሹ የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነው። አንድ ማርሽ ይኑር፣ ግን ትክክለኛው ማርሽ ይሁን፤ ይኸው ነው የሱ አቋም።

7. ሰባተኛው ለስድስተኛው መልስ ማሟያ ብቻ አቀረበ፣ ግን ጥሩ ማሟያ። ማርሹ ሲቀልል አክስሉ ላይ የሚደርሰው ጠምዛዥ ኃይል በዚያው ልክ ያድጋል። 60 ኪሎ ሰው በሙሉ ክብደቱ ሲረግጥ በ48 እና 18 ጥርስ 37 ኒውተን ሜትር የነበረው በ32 እና 24 ጥርስ 75 ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ጎማውን ከአክስሉ የሚቆልፈው ፒን ነው። 6 ሚሊ ሜትር ፒን ለድሮው ይበቃ ነበር፤ ማርሽ የለወጠ ሰው ወደ 8 ይሂድ። ፒኑም ከተራ ሚስማር አይቆረጥ። ሚስማር መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ፒን ቢገባም ይንቀጫቀጫል።

8. ስምንተኛው ቀልድ ነው። ቴላ ሲሉት ጠላ እየመሰለው እዚህ ድረስ አንብቦ ስለ ጌሾ አንድም ቃል እንዳላገኘ ገለጸ። ሦስት ሰዎች ተከትለውት ሳቁ፤ አንዱ በጋሪው ላይ ጋን ቢጫን ስንት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ይህ ለአምስት መልእክት ያህል ቀጠለ፣ አልፌዋለሁ።

9. ዘጠነኛው ወደ ቁም ነገሩ መለሳቸው፤ ፍሬን። አንድ የፊት ፍሬን ብቻ ያለው ጋሪ ላይ ችግሩ ላስቲኩ ሳይሆን ክብደቱ ያለበት ቦታ ነው አለ። ከ400 ኪሎ ፊት ላይ ያለው 80 ብቻ ከሆነ የፊት ጎማው በደረቅ አስፋልት ላይ የሚይዘው ቢበዛ 550 ኒውተን ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ቢይዝ ከ6 ሜትር በፊት አይቆምም፤ ይህም ነጂው ለማሰብ የወሰደው ጊዜ ሳይቆጠር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ክሮም የተቀባው የብረት ቸርኬ ከላስቲኩ ጋር ሳሙና እንደ ተቀባ ይንሸራተታል። የተለመደው መድኃኒት አክስሉ ላይ የሚታሰር፣ በቀበቶ የሚያንቅ የባንድ ፍሬን ወይም ድራም (ታምቡር) ፍሬን ነው፤ ነገር ግን በ4ኛው መልስ የተባለውን ያስታውሳል፤ አክስሉ የያዘው አንዱን ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ አክስሉን የሚይዝ ፍሬን አንዱን ጎማ ብቻ ያቆምና ጋሪውን ወደዚያ ጎን ያዞረዋል። እውነተኛው መፍትሔ ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱ ድራም፣ በአንድ እግር ፔዳል የሚሳብ፣ ሁለቱን እኩል የሚያካፍል መሐል ዘንግ ያለው ነው። ለማቆሚያ ግን ነጂዎቹ ቀድሞውንም ዘዴ አላቸው፤ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክ የፍሬኑን እጀታ ይይዛል፣ ከጎማውም ሥር ድንጋይ ይገባል።

10. አሥረኛው ስለ ገንዘብ ጻፈ፤ ክሩ የዞረውም እዚህ ላይ ነው። ሪክሾውን የሚገዛውና የሚነዳው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ባለቤቱ ብዙ ጋሪ አለው፣ ነጂው በቀን ኪራይ ይወስዳል። የዳገቱ ድካም የነጂው ነው፤ የጥገናው ወጪ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ 25 ኪሎ የሚቀንስ ጋሪ ውድ ከሆነ ለምን ይገዛል? በዚህ ላይ ሕጉ ነበር። የዴልሂ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ የሚሰጠው ለ99,000 ሪክሾ ብቻ ነበር፤ ፈቃድ የሌለው ተይዞ ይወሰድ፣ ይሰባበርም ነበር። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማኑሺ ሳንጋታን በተባለው ድርጅት ክስ ይህን ገደብ የሻረው በየካቲት 2010 ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያጸናው በ2012። ነገ በዶማ ሊሰበር በሚችል ዕቃ ላይ ጥሩ ብረት የሚያፈስ ሞኝ ነው አለ። ሠሪው ርካሽ የሚሠራው ርካሽ ስለ ታዘዘ ነው። ነጂው ራሱ ባለቤት ሲሆን ነገሩ እንደሚለወጥ ለማሳየት በሰሜን ምሥራቅ ህንድ ያለችውን የጓሃቲ ከተማን ሪክሾ ባንክ አመጣ፤ ከ2004 ጀምሮ ነጂዎች በጥቂት በጥቂቱ እየከፈሉ የጋሪው ባለቤት የሚሆኑበት ሲሆን ንድፉም ከጓሃቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር የተሠራ ነው።

11. የመክፈቻው ጸሐፊ ተመለሰ። እዚህ ላይ እርስዎ የሚለው ቀርቶ አንተ ተጀመረ። አሥረኛውን ድህነትን ለመጥፎ ሙያ መሸፈኛ አደረግኸው ብሎ ከሰሰው። መንግሥት ሞክሮ የለም ወይ ብሎም ሶለክሾን ጠቀሰ፤ በዱርጋፑር ያለው ማዕከላዊ የመካኒካል ምህንድስና ምርምር ተቋም የነደፈው፣ በፀሐይ ኃይል በሚሞላ ባትሪ የሚታገዝ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2008 ዴልሂ ላይ የተመረቀው ሪክሾ።

12. አሥረኛው መላሽ መልሶ ጻፈ፣ አንተነቱንም ተቀብሎ። የጠቀስኸው ማስረጃ የሚመሰክረው ለኔ ነው አለው። ያ ሪክሾ ባትሪው በተወሰኑ ጣቢያዎች ብቻ የሚሞላ፣ መለዋወጫው ከሰፈር ሱቅ የማይገኝ ነበር፤ 2ኛው የጠየቃትን ጥያቄ አይመልስም። ከ2010 ወዲህ ዴልሂን ያጥለቀለቀው ማን እንደሆነ እይ አለው፤ ማንም ተቋም ያልነደፈው፣ አራት ተራ ባለ 12 ቮልት የሊድ ባትሪ ደርድሮ 48 ቮልት የሚያወጣው፣ በየመንገዱ የሚጠገነው ኢ-ሪክሾ። ቃላቱ ጠንከር ያሉ ነበሩ፤ እውነቱ ግን እሱ ዘንድ ነው ብዬ አምናለሁ።

13. አሥራ ሦስተኛው ሞተር የሚለው ቃል ሲነሣ ሕጉን ዘረዘረ። በፔዳል የሚታገዝ ብስክሌት ከ0.25 ኪሎ ዋት በታች የሆነ ሞተር ኖሮት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ወይም ነጂው መርገጥ ሲያቆም ከጠፋ፣ የህንድ ሕግ እንደ ሞተር ተሽከርካሪ አይቆጥረውም። ከዚያ በላይ ያለው ሌላ ዓለም ነው። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኢ-ሪክሾን በሐምሌ 2014 ካገደ በኋላ በጥቅምት የወጣው ደንብ ለሞተሩ 2000 ዋት፣ ለፍጥነቱ 25 ኪሎ ሜትር፣ ለዕቃ ጫኙ ደግሞ 310 ኪሎ ወሰን አበጀ። የሞተር ሳይክል ፊት ተቆርጦ ከጋሪ ጋር የሚበየድበት ጁጋድ ሞተር ተሽከርካሪ ነው፣ መመዝገብም አለበት ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ2013 ነው። ይሁን እንጂ ፑንጃብ ውስጥ በሚያዝያ 2022 የወጣው የማገጃ ትእዛዝ በቀናት ውስጥ ተነሥቷል፤ የሚተዳደርበት ሰው ብዙ ነውና። ከዚያ የሚስትሪ ምክር አስከተለ። በፔዳል ጋሪ ላይ ሞተር የሚጨምር ሰው ፍሬኑን ሳይቀይር አይንካው፤ አራቱ ባትሪ ብቻውን 100 ኪሎ ይጠጋል። ብረቱ የሚሰነጠቀውም ከኮርቻው ቱቦ ኋላ፣ ብስክሌቱና ጋሪው ከሚገናኙበት ብየዳ ላይ ነው።

14. በዚህ የተነሣ አሥራ አራተኛው ወደ አካሉ ብረት ሄደ። ሠሪዎቹ 40 በ40 በ5 አንግል ብረት ይወዳሉ፤ ሜትሩ 3 ኪሎ ነው። 40 በ40 በ2 ቱቦላሬ 2.4 ኪሎ ብቻ ነው፤ መጠማዘዝን በመቋቋም ግን ሠላሳ አምስት ጊዜ ያህል ይበልጣል፣ አራቱም ጎኑ ዝግ ስለሆነ። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ የአንግል ብረቱ ጋሪ እንደ ጨርቅ ይጠመዘዛል፤ ብየዳውን የሚሰነጥቀው ይህ መጠማዘዝ ነው። ሠሪዎቹ ስንጥቅ ባዩ ቁጥር ተጨማሪ ብረት ይለጥፋሉ፣ ጋሪው በየዓመቱ ይወፍራል። እዚህ ላይ የመክፈቻው ጸሐፊ ልክ ነበር።

15. አሥራ አምስተኛው አልተዋጠለትም። 2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ በመንገድ ዳር በያጅ እጅ ምን እንደሚሆን ጠየቀ። የተለመደው 3.15 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ110 አምፔር ሲነካው ይበሳዋል። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ 70 አምፔር አካባቢ፣ አጭር አጭር ብየዳ ያስፈልገዋል፤ በያጁ ይህን የሚያውቅ ቢሆንም ማሽኑ የማይቀንስ ሊሆን ይችላል። ዋናው ጠላት ግን ዝገት ነው። የዓሣ በረዶ፣ የጨው ውሃ፣ የቆሻሻ ፍሳሽ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይተኛና ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ቀለሙ እያማረ ሳለ አንድ ቀን ይታጠፋል። አንግል ብረት ዝገቱን አይደብቅም። አሥራ አራተኛው ተመልሶ አንድ እርምጃ ሸሸ፤ ጫፎቹ በላሜራ ይደፈኑ፣ ዝቅ ባለው በኩል 6 ሚሊ ሜትር መፍሰሻ ይበሳ፣ ጣውላው የሚያርፍበት ዙሪያ ብቻ አንግል ይሁን። ክሩ ውስጥ ሁለት ሰዎች በግማሽ መንገድ የተገናኙት እዚህ ብቻ ነው።

16. አሥራ ስድስተኛው ሁሉም የረሱትን ጎማ አስታወሰ። ብስክሌት ሲታጠፍ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ቸርኬው ከጎን አይገፋም። ባለ ሦስት እግር አያዘነብልም፤ በየመታጠፊያው ጎማው በጎኑ ይገፋል፣ ይህን የሚሸከሙት ደግሞ ስስ ሽቦዎቹ ናቸው። ለብስክሌት 2 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል፤ ለጋሪ 2.6 ቢሆን፣ የመሐል ቤቱም ሁለት ከንፈሮች ሰፋ ብለው ቢራራቁ ይመረጣል። አዲስ የተሠራ ጎማ ከመጀመሪያው ሳምንት ጭነት በኋላ ሽቦዎቹ እንደገና ካልተወጠሩ አንድ በአንድ ከአንገታቸው ይበጠሳሉ። መፍትሔው ጎማውን ማሳነስ ነው ባይም ነው። 20 ኢንች ቸርኬ ከጎን ሲገፋ ይበልጥ ይጸናል፤ ጭነቱ የሚያርፍበት አልጋ በ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ 44 ጥርስ ፔዳልና 22 ጥርስ ፍሪዊል ሲይዝ አንድ ዙር 3.1 ሜትር ስለሚሄድ 6ኛው የፈለገው ማርሽ ያለ ብዙ ለውጥ ይገኛል። አልጋው መውረዱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የጎማዎቹ ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር፣ የጭነቱ መሐል ቁመት 1 ሜትር የሆነ ጋሪ 4 ሜትር ራዲየስ ባለው መታጠፊያ ላይ በሰዓት 13 ወይም 14 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ይገለበጣል።

17. አሥራ ሰባተኛው ትንሽ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ይሰጥማል ብሎ አጭር ተቃውሞ ጣለ። ከዚያ ርእሱን አዞረና ይህ ነገር ባሕር ዳርና ሐዋሳ ቢመጣስ አለ፤ ከህንድ የመጣውን ባለ ሦስት እግር በኩባንያው ስም ባጃጅ ብለን የተቀበልን ሰዎች የፔዳሉን ለምን እንንቃለን? ምናለሽ ተራ ያሉት እጆች አካሉን በሁለት ቀን ያወጡታል አለ።

18. 6ኛው መላሽ ለዚህ ብቻ ተመለሰና በአንድ ስሌት ዘጋው። ደልዳላ ከተማ ላይ ይሠራል። አዲስ አበባ ግን 100 ሜትር ላይ 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት ብዙ አለ፤ 400 ኪሎ እዚያ ላይ 361 ኒውተን ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው 100 ዋት ቢያወጣ ፍጥነቱ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ነው። በትከሻ ተሸክሞ የሚሄድ ይቀድመዋል።

19. የመክፈቻው ጸሐፊ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ስንፍና ያለውን ቃል አላነሣውም፤ ንድፉን ግን ቀይሮታል። አክስሉ 25 ሚሊ ሜትር፣ ኩሽኔታው ዩሲፒ 205፣ ጎማው ከኩሽኔታው 7 ሴንቲ ሜትር፣ ፒኑ 8፣ ማርሹ አንድ፣ 32 በ24፣ ከኋላ ሁለት ድራም ፍሬን፣ አካሉ ቱቦላሬ ከነመፍሰሻው፣ የአልጋው ዙሪያ አንግል። ጎማውን በ28 አጸናው፤ ምክንያቱን ሲጽፍ 2ኛውን ጠቀሰ። የጭነቱን መሐል ከኋላ አክስሉ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት አድርጎታል፣ ጋሪው ከኋላ ሲከብድ የፊት ጎማው ተነሥቶ መሪው እንዳይቀልበት።

20. የመጨረሻው መልስ ከ4ኛው ነው፣ ሁለት መስመር። ነፃ የሚዞረው ጎማ ኩሽኔታ ግራሶ የሚገባበት ቀዳዳ በንድፉ ላይ እንዳላየ፣ ያለዚያ ከክረምት በኋላ ጎማው አክስሉ ላይ ተጣብቆ እንደሚገኝ ጻፈ። የፒኑንም ቀዳዳ አክስሉ ከኩሽኔታው ከሚወጣበት ቦታ አርቆ ወደ ውጭ እንዲበሳው ነገረው፤ ዘንጉ ይበልጥ የሚጎብጠው እዚያ ነውና።